የስም ጥሪ በጎባጣው ሥር

ስለ ጎባጣው ተራራ ከመናገሬ በፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ አንባቢ ይወቅ። እኔ ወታደር ከመሆኔ በፊትም የታወቅኩ ሰው ነበርኩ። የኮልፌ ትልቁ እድር ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ። ዛሬ ይህን ሥራ አቅልለው የሚያዩ አሉ። ያን ጊዜ ግን ኮልፌ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበረች፤ ስልክ ያለው ቤት አንድ ሁለት ቢሆን ነው። ሰው ሲሞት ለአገሩ የሚያሰማው የእኔ ጉሮሮ ነበር። ጎህ ሲቀድ ጡሩምባዬን ነፍቼ የሟቹን ስም ስጠራ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው ነጠላውን ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ድምፄን እግዜር ሰጠኝ፤ የቀረውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጨውና ሳሙና ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ቢሆንም በሰፈራችን ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ወደ ጸሐፊ ከመሄዱ በፊት ወደ እኔ ይመጣ ነበር።

ጡሩምባ ማንም ይነፋል። ጥበቡ ሌላ ነው። የሟቹ ልጅ ሰፈር ውስጥ ካለ አልነፋም። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ሄደው ያረዱታል፤ እህል መቅመሱን ያያሉ፣ ሲወድቅ ክንዱን የሚይዝ ጎረቤት መኖሩን ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የእኔ ተራ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ከማን አፍ መስማት እንዳለበት ማወቅ፤ ሥራው ይኸ ነው።

በቅርቡ በእድራችን ስብሰባ ላይ ከቤቴል የመጣ አንድ ወጣት መምህር «የዘመኑ ጦርነት ከጥይት ይልቅ በወሬና በሥነ ልቦና የሚካሄድ ነው» እያለ ሲያስረዳን እጄን አወጣሁ። «ልጄ፣ ያን ጦርነት እኔ ተዋግቼዋለሁ» አልኩት። ጉባኤው ሳቀ። የሳቁት እንዲያነቡት ይኸው ጻፍኩት።

ወደ ጦሩ የገባሁት ከሽብሩ ጋር ነው። ሽብሩ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተዋል። እናቱ እማማ ዘነቡ ገበያ ውስጥ ቆጮና ቅቤ እየሸጡ ብቻቸውን አሳደጉት፤ ያሳደጉትም በአንድ ሕግ ነው፤ ስም ሲጠራ መልሱ «አቤት» ነው። «ምን?» ያለ ልጅ ራት የለውም። «ወይ» ያለ ልጅ ጆሮው ይጠመዘዛል። ስለዚህ ሽብሩ የትም ቢሆን፣ የጠራው ማንም ቢሆን፣ «አቤት!» ይላል። በማሠልጠኛው ካምፕ ከምሳ በኋላ ጥላ ሥር ሲያሸልብ ለጨዋታ «ሽብሩ!» እንለዋለን። ዐይኑን ሳይገልጥ «አቤት!» ይልና ማንኮራፋቱን ይቀጥላል። አሠልጣኞቹ ሳይቀሩ እየመጡ ይሞክሩት ነበር።

ልንዘምት ስንል እማማ ዘነቡ መንገድ ላይ ያዙኝ። ስሜን ጠርተው አያውቁም።

«አንተ ጡሩምባ» አሉኝ፤ «ልጄን ይዘህልኝ ትሄዳለህ፣ ይዘህልኝ ትመጣለህ።»

«እሺ እማማ።»

«ቢሞትም ለጅብ እንዳትተውብኝ። አፈሩን እኔ አለብሰዋለሁ።»

«ኧረ አፍዎን በቁራጭ እንጨት ይበሉት!» አልኳቸው። ነገር ግን ቃል ገባሁ። የኮልፌ ሰው ለለቅሶ የገባውን ቃል አያጥፍም።

ጊዜው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። በአንድ ደጋ አገር ገበሬው «መሬቴ አይለካም፤ ግብሩም በዝቶብኛል» ብሎ ጠመንጃውን ይዞ ተራራ ወጣ። የአገሩን ስም አልጠራም። የዚያ አገር ልጆች ዛሬ ኮልፌ ውስጥ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ በአንድ እድር ነን። የእኛ ሻምበል ጦር ጸጥታ እንዲያስከብር ታዘዘና በካሚዮን ተጭነን ሄድን። መንገዱ ባለቀበት ወርደን በእግር ተጓዝን፤ ያለ መንገድ መሄድ የምትችል አንዲት ጂፕ ብቻ ተከተለችን።

ጎባጣው ጀርባው እንደ ሽማግሌ የጎበጠ ተራራ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። ገበሬዎቹ ከላይ ከድንጋዩ መካከል ናቸው። እኛ ከታች፣ ከጅረቱ ወዲህ ምሽግ ቆፈርን። በመካከላችን ያለው ተዳፋት ራቁቱን ነው፤ አንዲት ወይራ ብቻ ቆማበታለች። አየሩ ከጥራቱ የተነሣ እነሱ ሲያስሉ እንሰማለን፤ እኛ ስንጨቃጨቅ ይሰማሉ።

አዛዣችን ሻምበል አምሃ ይባላሉ፤ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ንግግራቸው የተመጠነ መኮንን ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚሳሱለት ድምፅ ማጉያቸውን ነው። ጂፕ ላይ የተተከለ፣ አፉ እንደ ጋን የሰፋ ነው። ማይክሮፎኑን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ ከእኔ ሌላ ማን ሊገኝ ይችላል? የመመሪያውን መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር አነጻጽሬ ራሴ ፈታሁት። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ለምን እንደሚያቃስት ከመካኒኩ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የማርሽ ሙዚቃ በሸክላ አሰማናቸው። ልባቸው እንዲርድ ታስቦ ነው። ሸክላው ሲያበቃ ከተራራው አንዱ «ድገሙት!» ብሎ ጮኸ። በራሪ ወረቀትም በተንን። አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ አንድ ቄስ ያነብላቸው ነበር አሉ፤ ቄሱ ግን ያልተጻፈውን እየጨመረ ስለሚያነብ ወረቀታችን ላይ ግብር የሚቀንስ መንግሥት ተገኘ። ገበሬዎቹም በማግሥቱ «ፊርማውስ የት አለ?» ብለው ጠየቁን።

ሻምበሉ ተስፋ አልቆረጡም። «ቃል እንደ ጥይት ነው» አሉኝ፤ «ዒላማህን ካላወቅክ ታባክነዋለህ።» ጥሩ አባባል ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ እጠቀምበታለሁ።

ከዚያ የማጥቃት ትእዛዝ መጣ።

ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። እኔም ማይክሮፎን ያዥ ነኝ ብዬ አልቀረሁም። ጉም ነበር። ጉሙን ተማምነን ወጣን። ከወይራዋ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ሜዳ ላይ ቀረን። ገበሬዎቹ በምንሽር አንድ በአንድ ያነጣጥራሉ፤ ጥይት አያባክኑም። መትረየሳችን ጥይት ነክሶ ቆመ። ይህን ሲያዩ እየፎከሩ ወረዱብን። በጨበጣ ተገናኘን። አጭር ነበር። ከእነሱም ወደቀ፣ ከእኛም ወደቀ። አፈግፍጉ ተባለ። ሽብሩ ከፊቴ ነበር። ወይራዋ ሥር በፊቱ ሲደፋ አየሁት። «ተነሥ!» አልኩት። አልተነሣም። ሃምሳ አለቃ ጥላሁን በቀበቶዬ ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

ከረፋዱ በአራት ሰዓት ሁሉም በየምሽጉ ገብቶ ነበር። ሃምሳ አለቃው የስም ጥሪ አደረገ። ስድስት ሰዎች አልመለሱም።

«ሽብሩ!»

ዝም።

«ሽብሩ!» አለ ደግሞ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ያን ስም ጠርቶ መልስ ያጣ ሰው እስከዚያች ቀን አላየሁም። መሞቱን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

የሞቱት ከተዳፋቱ ላይ ናቸው፤ የእነሱም የእኛም ተደባልቀው። ከእኛ ወገን አንገቱን ብቅ ያደረገ ይተኮስበታል። ከእነሱም ብቅ ካለ እኛ እንተኩሳለን። ፀሐይዋ እየበረታች ሄደች። በዚያ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ጅብ እንደሚወርድ ቀደም ባሉት ሌሊቶች ሰምተናል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይመሽ ሽብሩን ከዚያ ማንሣት። ከሰው ሁሉ ፊት የማልፈራ ሰው ነኝ፤ የእማማ ዘነቡን ፊት ግን ባዶ እጄን ማየት ፈራሁ።

ከቀኑ በስምንት ሰዓት ሻምበሉ ጠሩኝ። አጠገባቸው ገላው የሚባለው መንገድ መሪያችን ነበር፤ የዚያው አገር ሰው፣ ከመንግሥት ጋር የቆመ ነጭ ለባሽ ነው። በጦር መነጽር ተዳፋቱን እያየ የሞቱትን ገበሬዎች በስም ይለያቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ደረሰ ነው፤ የገበሬዎቹ የጎበዝ አለቃ የአያሌው ታናሽ ወንድም።

ሻምበሉ የጻፉትን ሰጡኝ። «አያሌው! ወንድምህ ሞቷል። ሬሳው ከፊታችን ነው። ነገ ያንተ ተራ ነው። እጅህን ስጥ» ይላል።

«ጌታዬ» አልኩ፤ «ይህ መርዶ ነው።»

«አዎ፣ መርዶ ነው። ሐዘን የተዋጊን ጉልበት ይሰብራል። የተማርነውም ይኸንኑ ነው።»

«ሐዘን ጉልበት የሚሰብረው ለቅሶ ሲቀመጡበት ነው። ለቅሶ ያላገኘ ሐዘን ደም መላሽ ያደርጋል። ይህን ካነበብኩት አያሌው ዛሬውኑ እዚህ ይወርዳል፤ እጁን ሊሰጥ ግን አይደለም።»

«ጉድ ፈላ!» አለ ሃምሳ አለቃ ጥላሁን ከኋላ። «የኮልፌ ጡሩምባ ሻምበልን ማስተማር ጀመረ።»

ሻምበሉ ወደ እሱ አልዞሩም። «አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ለቀብር እጠራቸዋለሁ። በአገራችን ሬሳ ሊያነሣ በመጣ ሰው ላይ አይተኮስም። የእነሱን ይውሰዱ፤ የእኛን እንውሰድ።»

«ከወሰዱስ በኋላ?»

«ቀብሮ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ተራራ አይጠብቅም።»

ሻምበሉ ወረቀታቸውን ከእጄ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። «እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ አለህ። ካልሆነ የእኔን ታነባለህ።»

ከኮልፌ ይዤው የመጣሁት ጡሩምባ ከሻንጣዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ማይክሮፎኑን ከፍቼ እንደ ሰፈሬ ወግ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጌ ነፋሁ። እንደዚያ ያለ ጥሩ አነፋፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ነፍቼ አላውቅም።

ተራራው በሙሉ ባንድ ጊዜ ተኮሰብን።

የጂፑ መስተዋት ረገፈ። ሻምበሉና እኔ ጂፑ ሥር ጭቃው ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተጋጠምን። ገላው ከጉድጓዱ ውስጥ ይጮሃል፤

«ምነው ሰውዬ! እኛ አገር ጡሩምባ የሚነፋው ለክተት ነው! ውጡና እንዋጋ አልካቸው እኮ!»

«ታዲያ ለቀብር ምን ትነፋላችሁ?»

«ምንም! ሰው እንደ ሰው በአፉ ይጣራል!»

ይህን ስህተት አልለውም። አገር ሲለያይ መሣሪያም ይለያያል። ጡሩምባዬን በጨርቅ ጠቅልዬ መለስኩት። ሻምበሉ ጭቃውን ከደረታቸው ላይ እየጠረጉ «ዒላማህን እወቅ ብዬህ ነበር» አሉ። እንግዲህ እውነት ነው፤ ብለውኝ ነበር።

ተኩሱ ሲበርድ ገላው በደረቱ እየተሳበ መጣ። «መጀመሪያ ሰላም በል» አለኝ። «ጠላትም ቢሆን ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሳይሳለም ወደ ጉዳዩ የሚገባ ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው። ከዚያ የእነሱን ሬሳ አስቀድም። ደግሞ አያሌውን አንተ እንዳትለው፤ ትልቅ ሰው ነው።»

ሌላው ቢሆን በዚያ ሰዓት ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ።

«የጎባጣው ሰዎች፣ እንዴት ዋላችሁ? ቅድም የነፋሁት የጠብ አልነበረም። እኔ የከተማ ሰው ነኝ። በእኛ ሰፈር ጡሩምባ የሚነፋው ለቀብር ነው። ወጋችሁን አላወቅኩም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

 ከዚያ ከላይ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን! አንተስ እንዴት ዋልክ፣ አጅሬ?»

«መኪናችንን አቆሰላችኋት እንጂ እኔ ደህና ነኝ!»

አንድ ሁለት ሰው ሲስቅ ተሰማ። ጥሩ ምልክት ነው። የእድር ሥራ ያስተማረኝ አንዱ ነገር ሰላምታ የመለሰልህ ሰው ግማሽ መንገድ መምጣቱን ነው።

የእነሱን ሟቾች ጠራሁ። ገላው በመነጽር እያየ ስም ይነግረኛል፣ እኔ ስሙን ከነአባቱ ቀስ ብዬ እጠራለሁ። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ትንፋሽ አሳርፋለሁ። በኮልፌም እንዲህ ነው የማደርገው፤ ስም እንደ ሸንኮራ አይቆረጥም። ደረሰን መጨረሻ ላይ አስቀረሁት።

«አቶ አያሌው፣ ታናሽዎ ደረሰ ከወይራዋ በላይ ተኝቷል። ጋቢው ላዩ ላይ ነው። ማንም አልነካውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እርስዎው መጥተው ያንሡት።»

«ሞተ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም።  

«እኛም የምናነሣቸው አሉን» አልኩ። «የእኛም ልጆች አብረዋቸው ተኝተዋል።» የአምስቱን ስም ጠራሁ። ስድስተኛው ላይ ተደናቀፍኩ። ከዚያ በፊት ስም ስጠራ ተደናቅፌ አላውቅም። የአባቱን ስም ማስከተል ሲገባኝ አፌ ወደ ሰፈሩ ሄደ፤

«ሽብሩ! የዘነቡ ልጅ!»

ከወይራዋ ሥር መልስ መጣ።

«አቤት!»

 ሃምሳ አለቃ ጥላሁን አማተበ። ሻምበሉ መነጽራቸውን ከገላው እጅ ነጠቁ። ሽብሩ አልሞተም ነበር። ጭኑን ተመትቶ፣ እንዳይጨርሱት ከጧት ጀምሮ ሬሳ መስሎ ትንፋሹን ይዞ ውሏል። የሃምሳ አለቃው የስም ጥሪ ሲደረግ ደም ፈሶት ለጊዜው ራሱን ስቶ ስለነበር አልሰማውም። የድምፅ ማጉያው ግን ደረሰው። እናቱ በልጅነቱ የተከሉበት ቃል ደግሞ ከጥይት ፍርሃት በለጠ።

አሁን ሁሉም አውቆታል። ከላይ ካሉት ጠመንጃዎች አንዷ ብቻ ብትተኩስ ያበቃለታል። ያን ጊዜ ከወይራዋ ሥር ሽብሩ ሲያጉረመርም ተሰማ።

«ወይኔ! ምን ነካኝ!»

በመጀመሪያ የሳቀው ከላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳቁ ከሳል ጋር እየተናነቀው «እናንተ ሰዎች! ሬሳችሁ ሲጠሩት ይመልሳል እንዴ?» አለ። ከዚያ ተራራው ሳቀ። እኛም ሳቅን። ጥላሁን ሆዱን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ተንከባለለ። ጧት የተራረድን ሰዎች ከሰዓት በኋላ በአንድ ነገር አብረን ሳቅን ብል የሚያምነኝ አይኖርም፤ ሆኖም ያየሁት ይህንን ነው።

ሻምበሉ አልሳቁም። ክንዴን ጨበጡ። «አሁን ተናገር» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሳቁ ሳይቀዘቅዝ።» ይህ የእሳቸው ነው፤ የሰውን አልወስድም። እኔ እየሳቅኩ ሰዓቷ ልታልፈኝ ነበር።

አፌን ልከፍት ስል ከላይ ያ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። «ሳቁን ተዉት!» አለ። ተራራው ጸጥ አለ። አያሌው ነበር። ወንድሙ የተኛበት ሰው ነውና እንደ ሌሎቹ አልሳቀም።

«ያ ልጅ የማን ነው?» አለኝ።

«የመበለት ልጅ ነው፣ አቶ አያሌው። ለእናቱ አንድ ነው።»

 ከዚያ «እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች» አለ። «መኮንንህ ሳይታጠቅ ይውጣ። እኔም ሳልታጠቅ እወርዳለሁ።»

ሻምበሉ ሽጉጣቸውን ፈትተው ለጥላሁን ሰጡ። ከሁላችንም ቀድመው ጅረቱን ተሻገሩ። ስለ ሻምበል አምሃ ብዙ ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሰውየውን ለማወቅ ያቺ አካሄዳቸው ትበቃለች።

ከቀኑ በአሥር ሰዓት ወይራዋ ዘንድ ተገናኘን። እኔ በቀጥታ ወደ ሽብሩ ሮጥኩ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ውኃ አጠጣሁት። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው፤

«ማን ነው ያረዳኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ገበሬው ሊያርደኝ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስሰጋ፣ የገዛ ጎረቤቴ የራሴን ሞት አረዳኝ!»

«ታዲያ ለምን መለስክ?»

«ስሜን ጠራኸኛ! ምን ልበል?»

በአንድ ጋቢ ላይ አስተኝተን ልናነሣው ስንል አንድ ሰው አነሰን። አንድ ወጣት ገበሬ ሳንጠይቀው የጋቢውን ጫፍ ያዘ። ተዳፋቱን ስንወርድ እየዞረ «ቀስ በሉ እንጂ፤ ሬሳው ያመዋል» ይለን ነበር።

አያሌው ከወንድሙ ራስጌ ተቀምጦ ነበር። ሻምበሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከግርጌ ቆሙ። ሲነሣ እሳቸው በእግሩ በኩል ያዙ። አያሌው አያቸው፤ ተዉት አላለም። ሊሄዱ ሲሉ ወደ እኔ ዞረ።

«የተጣራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«"ሞተ" አላልክም።»

«አላልኩም።»

«እኔ አውቄዋለሁ። ከጧት ጀምሮ አውቄዋለሁ። ግን አላልክም» አለና ሄደ።

የሞቱትን አብረን ቆጠርን። ተደባልቀው ስለነበር ለየብቻ መቁጠር አይቻልም ነበር። ከእነሱ ስምንት፣ ከእኛ አምስት። ሁሉም ወጣቶች ነበሩ። በማግሥቱ ሲነጋ ጎባጣው ላይ ማንም አልነበረም። ገበሬዎቹ ሙታናቸውን ይዘው ለቀብር ወደየመንደራቸው ሄደዋል። የሰው ደም የጠጣውን ተራራ ያለ አንዲት ጥይት ወጣነው። ሻምበሉ ለበላይ አካል የሥነ ልቦና ዘመቻ ውጤት መሆኑን ጻፉ፤ የእኔንም ስም ጠቀሱ። የሥነ ልቦና ነው ቢሉም እውነት ነው፤ ነገሩ ግን መርዶን እንደ ወጉ መናገር ነው። ግብሩና መሬቱ ከዚያ በኋላም ሌላ ሰው አጋጭቷል። ያንን ድምፅ ማጉያ አይፈታውም።

እስከ ዛሬ አንድ ነገር አስባለሁ። እነዚያን አሥራ ሦስት ልጆች «ስትጠሩ አቤት በሉ» ብለው ያሳደጓቸው እናቶች ነበሯቸው። እኔ ሁሉንም ጠርቻቸዋለሁ። የመለሰልኝ ግን ከሞቱት ጋር የተጠራ አንድ ሕያው ብቻ ነው።

ኮልፌ ስንመለስ ሽብሩ በምርኩዝ ነበር። እማማ ዘነቡ እልል ብለው ተቀበሉን። የሆነውን ሁሉ አሳምሬ ነገርኳቸው፤ የእኔን ድርሻ አላሳነስኩም። ሰምተው ሲጨርሱ «አየህ አንተ ጡሩምባ» አሉኝ፤ «"ምን?" ብሎ መልሶ ቢሆን ኖሮ ይተኩሱበት ነበር።» ሙሉውን ምስጋና እሳቸው ወሰዱት። ተውኩላቸው። ቆጮውን በጎመንና በቅቤ ያቀረቡልኝ እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ያከናወንኩትን ዘርዝሬ ልሰናበት። ሳልማር ማንበብና መጻፍ ቻልኩ። ማንም ያላስተማረኝን ማሽን አናገርኩ። አንድ ተራራ በሰላምታ አስለቀቅኩ። ተራ ወታደር ገብቼ አሥር አለቃ ሆኜ ወጣሁ። ከጦሩ ስመለስ ጡሩምባዬን አንሥቼ ጉሮሮዬ እስኪደክም ድረስ ኮልፌን አገለገልኩ፤ በእኔ አፍ መርዶ ሰምቶ ከነአካቴው የወደቀ ሰው የለም። ጥላሁንም በኋላ ልጁን ሲድር ሙሽራውን ያስተዋወቅኩት እኔ ነኝ፤ ያለ ማይክሮፎን። ለእማማ ዘነቡ የገባሁትን ቃል ጠበቅኩ፤ አፈሩን ያለበሳቸው ልጃቸው ነው።

ሽብሩ አሁንም አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነው። ሁለታችንም አርጅተናል። ጧት ጧት ከቆርቆሮው አጥር ሥር ቆሜ «ሽብሩ!» ብዬ እጠራዋለሁ።

«አቤት!» ይላል ከአልጋው ላይ ሆኖ። «ዛሬም አለሁ፤ ሂድና ሌላ ፈልግ!»